ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ያዋጡት ሟች

ከጉለሌ ወደ ድሬዳዋ በተመለስኩ ሰሞን ያገኘኝ ሁሉ «አዲስ አበባ ምን አየሽ?» ይለኝ ነበር። «ብርድ» እያልኩ አለፍኳቸው። ተወልዶ ለማያውቅ ሰው ድንኳን ተተክሎ፣ ቀበሌ ፈቅዶ፣ ሰፈር ወጥቶ ሲለቀስ አይቼ መጣሁ ብል ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ ለማን ይነግሩብኛል? ዛሬ ዘመኑ ተለውጦ መጻፍ ስለተቻለ፣ ወደዚያ ሰፈር እግራቸው ለማይደርስ ያገሬ ልጆች እንደ ሆነው እጽፈዋለሁ። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ። የሟቹን ስም ግን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ የሚጎዳ ዘመድ የለውም።

መነሻው ጥናት ነው። ከሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጣን የቋንቋ መምህራን የከተማ ሙሾን አንድ ላይ ልናጠና ቡድን አቋቁመን ነበር። ከምሥራቅ እኔ፣ ከሰሜን አቶ ተክሌ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ሰብሳቢያችን ዶክተር መርዕድ። መጀመሪያ ስንገናኝ ሁላችንም የየአገራችንን ሙሾ በካሴት ይዘን ቀረብን። ተክሌ የአንድ ባላባት ለቅሶ አመጣ፤ መርዕድ የአራስ፤ እኔ የባቡር ነጂ። መርዕድ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ ግንባሩን አሸ። «አይነጻጸርም» አለ። «ሟቹ ይለያያላ! ልዩነቱ ከአገሩ ይምጣ ከሟቹ በምን እናውቃለን? ለሦስቱም ከተማ አንድ ሟች ያስፈልገናል።»

የተማረ ሰው ሲስት እንዲህ አድርጎ ነው። ያን ጊዜ ግን ማናችንም አልሳቅንም፤ በማግስቱ ቁጭ ብለን ሟች ስንሠራ ዋልን። ተክሌ እህት ይኑረው አለ፤ እህት ካለች ሙሾው ይረዝማል ብሎ። እኔ ባለትዳር ይሁን አልኩ። በድምፅ ብልጫ ወንደላጤ ሆነ። በመጨረሻ የወጣልን ሰው ይህ ነው፦ ስሙ ደረጀ፣ ዕድሜው ሃያ ሁለት፣ ተማሪ፣ ለእናቱ አንድ፣ በሕመም የሞተ። «በሕመም» የምትለውን ያስጨመረው መርዕድ ነው። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ሽብር ወጣት ተማሪ በምን ይሞት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

ደረጀ መጀመሪያ የተለቀሰው ድሬዳዋ ነው። የኛ ሰው ለቅሶ ሰምቶ ዝም አይልምና ጎረቤቱ ሁሉ ወጥና እንጀራ ተሸክሞ መጣ፤ እኛም ያልሞተ ሰው ተዝካር በላን። በሰሜን ደግሞ ሙሾ አውራጇ «የናቱ ስም ማን ነው?» ብላ ተክሌን አስጨነቀችው። እናት አለችው እንጂ ስም አላወጣንላትም። «የደረጀ እናት ማን ናት?» ብሎ ቴሌግራም ሲልክ የቴሌው ሠራተኛ «ምነው፣ ልጁ ምን ሆነ?» እያለ ሲያስተዛዝነው ዋለ። መርዕድ «ዘነበች» ብሎ መለሰለት። የቀረን ጉለሌ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ

ከድሬዳዋ በማለዳው ባቡር ተነሣሁ። የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ስለሰነበትኩ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ አልጋዬ ላይ የወጣሁ መሰለኝ። ፊት ለፊቴ ብርቱካን በዘንቢል የያዘች ሴት አለች። መቼም ድሬዎች እንተዋወቃለን፤ ባቡሩ ገና ሳይነቃነቅ እሷ የልጆቿን ዓመል፣ እኔ የደም ግፊቴን ተጨዋውተን ጨርሰናል።

አዋሽ ላይ ፍተሻ ነበር። ወታደሩ ሣጥኔን አስከፈተኝ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቴፕ ነው፤ መቅጃ።»

«ምን ሊቀዳ?»

«ለቅሶ።»

ድምፁ ለስለስ አለ። «ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ የማን ለቅሶ ነው?»

«ደረጀ የሚባል... እሱም የለም እንጂ።»

ወታደሩ ትክ ብሎ ሲያየኝ ባለብርቱካኗ ጣልቃ ገባች። «ተዋት ልጄ፣ ወንድሟ ነው። ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቶት ነው።» ሣጥኑን ራሱ ዘጋልኝ። «እግዜር ያጥናሽ» አለና ወዲያው ደንግጦ ዙሪያውን ተመለከተ። «እ... ማለቴ፣ በርቺ ጓድ» ብሎ ወረደ።

ሴትዮዋን እውነቱን ላስረዳት ብሞክር አልሰማችኝም። ሐዘንተኛ ካልበላ ይወድቃል ብላ ብርቱካን እየላጠች አጎረሰችኝ። መተሐራ ላይ ባቡሩ ተበላሽቶ ሜዳ ላይ ሲዘረግፈን ጥላ ፈልጋ ያስቀመጠችኝም እሷ ናት። ናዝሬት ስትወርድ ጉንጬን ሳመችና «ወንድም አይተካም» አለችኝ። ወንድም እንዳልነበረኝ ልነግራት አፈርኩ።

አዲስ አበባ ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃለች። ሐምሌ ነው። እኛ አልጋችንን ግቢ አውጥተን በምንተኛበት ወር እነሱ በር ዘግተው ጋቢ ይደርባሉ። መርዕድ በሰይቸንቶ ታክሲ ተቀበለኝ። «የእንግዳ ማረፊያው በካድሬዎች ስብሰባ ተይዟል» አለ። «እትዬ አፀደ ቤት ታርፊያለሽ፤ ሙሾ የምታወርድልን ሴት ናት።» ሰይቸንቶዋ ከዊንጌት ትንሽ አለፍ ብላ ዳገቱን አየችና ቆመች። ከዚያ በእግር ነው። የድሬ እግር አሸዋ እንጂ ጭቃ አያውቅም፤ የእትዬ አፀደ በር ላይ ስደርስ ተንሸራትቼ በጀርባዬ ተዘረርኩ። ቴፑን ግን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጌ ይዤው ነበር።

«ዕቃዋን አድና ራሷን ጣለች!» የሚል የሴት ሳቅ ሰማሁ። ጠይም፣ ረጅም፣ ስድሳን የተጠጋች ሴት በሩ ላይ ቆማለች።

«ደህና አመሸሽ እትዬ?» አልኳት ከጭቃው ሳልነሣ። መርዕድ ፊቱ ሲቀላ አየሁ፤ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለች ሴት «እርስዎ» ናት። እኛ ጋ ግን ሽማግሌውም አንተ፣ ባልቴቷም አንቺ ነው።

«ተዋት ዶክተር፣ ድሬ ናት» አለች እትዬ አፀደ። «አንቺ በይኝ ልጄ። በዚህ ቤት አንቺ የሚለኝ ጠፍቶ ነው የከረመው።»

ውኃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ። ብከላከላት «እንግዳ አይደለሽ?» ብላ ተቆጣች። ራት ሽሮ ነበር፤ ጤፉ ከቀበሌ በራሽን የተገኘ ነው፤ እሷ ቀመስ ቀመስ አድርጋ ሁሉንም ወደኔ ገፋችው። ጠባብ፣ ንጹሕ አልጋ ላይ አስተኛችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትታ «ድሬ» ነበር የምትለኝ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገዱን ወደ ሸጎሌ ገበያ የሚነዱ በጎች ሞልተውታል። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ለእትዬ አፀደ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል። ድሬ ላይ ሰላምታ በጩኸት ነው፤ ይሄኛው ግን ድምፅ የለውም።

«የዚያችን ባሏን እኔ ነኝ ያለቀስኩት» አለችኝ በአገጯ እያመለከተች። «የዚህኛውን እናቱን። እዚህ ሰፈር ያለኔ ሙሾ የተቀበረ ጥቂት ነው።»

«አሁንስ እትዬ?»

«ተውኩት። ለቅሶ እሄዳለሁ፤ ቁጭ ብዬ እመለሳለሁ።»

ቤት ገብተን ነጠላዋን አጣጥፋ ካስቀመጠች በኋላ ነው የነገረችኝ። የተኛሁበት አልጋ የልጇ የግርማ ነው። አንድ ልጇ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ነበር። እኛ በስብሰባ የሠራነው ልጅ እዚያ ቤት ኖሮ አልጋው ላይ አደርኩበት።

«ከቤት ወሰዱት። ሌሊቱን መንገድ ዳር ጥለውት አደረ፤ ወረቀት ደረቱ ላይ ለጥፈው። ልጠጋው ስል ከለከሉኝ። ድንኳን የለም፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ የለም፣ ድምፅ ማሰማት የለም አሉ። ካለቀስሽ አንቺም ፀረ አብዮት ነሽ አሉኝ። የሰውን ሁሉ ሳለቅስ የኖርኩ ሴትዮ፣ የራሴን ልጅ አፌ ውስጥ ነጠላዬን ጎስጉሼ ሸኘሁት።»

«ታዲያ ለኛ ጥናት እንዴት እሺ አልሽ?» አልኳት።

«ዶክተሩ ከቀበሌ ፈቃድ እናመጣለን አለኛ። ድንኳን ተተክሎ፣ ድምፅ ተለቆ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁትም።» እጄን ያዘችኝ። «ድሬ፣ አንድ ነገር ለምኚልኝ። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድንኳን ውስጥ ቆሜ፣ ግርማ ብዬ በስሙ ጠርቼ ላልቅሰው። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ቅዱ።»

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዋለ፤ ከዚህ ሌላ የማስታውሰው ነገር የለም።

ሰኞ

ቡድኑ የተሰበሰበው በውሰት ባገኘነው የመማሪያ ክፍል ነው። ተክሌ በአውሮፕላን መጥቶ ሆዱን አሞት ነበርና ተኮራምቶ ተቀምጧል። የእትዬ አፀደን ጥያቄ ነገርኳቸው።

«ዕድሜው ያው ነው» አልኩ። «ተማሪ ነው። ለእናቱ አንድ ነው። ስሙን ብቻ እንቀይር።»

«ስሙ ብቻ አይደለም» አለ መርዕድ ዓይኑን ሳያነሣ። «የኛው በሕመም ነው የሞተው።»

ተክሌ ሆዱን ይዞ ቀና አለ። «የሰሜኗም የድሬዋም ለደረጀ ነው ያለቀሱት። የጉለሌዋ ለገዛ ልጇ ካለቀሰች ሚዛኑ ተዛባ ማለት ነው። ሌሎቹ በሙያቸው ነው ያለቀሱት፤ እሷ እኮ ከልቧ ልታለቅስ ነው!»

«ታዲያ ሙሾ በምን ይለቀሳል?» አልኩት። መርዕድ «ለማንኛውም ቀበሌውን እንስማ» አለና ተነሣ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር መፋቂያ አፉ ውስጥ፣ ሽጉጥ ወገቡ ላይ አድርጎ ተቀበለን። ወረቀታችንን እስከ መጨረሻው አነበበ።

«ሟቹ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ ነው?»

«ነዋሪ አይደለም ጓድ ሊቀ መንበር» አለ መርዕድ። «ለጥናት የተፈጠረ ነው።»

«ያልነበረ ሰው?»

«ያልነበረ።»

ሊቀ መንበሩ መፋቂያውን አውጥቶ ሳቀ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ያልነበረ ከሆነማ እኔን ምን ከፋኝ? ድንኳኑን ከዕድሩ ውሰዱ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልቅሱ።»

መርዕድ እግሬን ረገጠኝ፤ እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። «ሙሾ አውራጇ የራሷን ልጅ ስም ብትጠራስ?» አልኩ።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። የማን ልጅ ብሎ አልጠየቀም፤ ያውቃል። «የፈቀድኩት ደረጀን ነው» አለ። «ሌላ ስም ከተጠራ ድንኳኑንም ሴትዮዋንም አነሣለሁ።» ማኅተሙን አንሥቶ ወረቀቱን መታው።

ወጣን። ተገድሎ መንገድ ለተጣለ ልጅ የተከለከለ እንባ ሦስት አስተማሪዎች ለፈጠሩት ሰው በማኅተም ተፈቀደ። መርዕድ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ እየከተተ «ተሳካልን» አለ። ልሰድበው ፈልጌ ስድብ አጣሁ፤ እኔ፣ የድሬ ልጅ፣ ስድብ አጣሁ።

ማክሰኞ

በብርዱ ምክንያት ትኩሳት ይዞኝ ስለነበር እትዬ አፀደ አጥሚት ቅቤ ጣል አድርጋ አጠጣችኝ። የሆነውን የነገርኳት ምስር ስትለቅም ነው።

«ለደረጀ ፈቀዱ?»

«ፈቀዱ።»

«ለግርማ ከለከሉ።»

«አዎ። እምቢ በያቸው እትዬ። ማንም ሊያስገድድሽ አይችልም።»

ምስሩን ረጅም ጊዜ ስትለቅም ቆየች። ከዚያ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገችው። «እስቲ ንገሪኝ፣ ይኼ ደረጀ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

«ተማሪ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ለእናቱ...»

«እሱን ሰማሁ። ቁመቱስ?»

«አልተወሰነም።»

«ሲቆጣ ይጮኻል ወይስ ያኮርፋል?»

«አልተባለም።»

«ከምግብ ምን ይወዳል?»

«እሱንም አልተነጋገርንበትም።»

«ሦስት ዩኒቨርሲቲ ተሰብስባችሁ ልጁ ምን እንደሚበላ እንኳ አታውቁም?» አለች፤ አነጋገሯ የመገረም እንጂ የንዴት አልነበረም። «እናቱስ ማን ናት?»

«ዘነበች አሏት።»

«ምስኪን» አለች ከልቧ አዝና። «እሷም አታውቀውም ማለት ነው።»

ከዚያ ተነሥታ የነጠላዋን ጥለት መረመረች። «እምቢ ካልኩ ድንኳኑ ይቀራል» አለች። «ድንኳኑ እንዲቀር አልፈልግም። ወገባቸውን እንዳሰሩ የቀሩ እኔ ብቻ አይደለሁም እዚህ ሰፈር።» ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ እየገቡ ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ስለ ንፍሮው የሚመካከሩ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ

ዝናቡ ጠዋት አባራ። የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ጭቃው ላይ ተከሉት። ለጥናት ነው ተብሎ ለሰፈሩ ተነግሯል፤ ቢሆንም ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ከጠበቅነው በላይ መጡ፤ ከድንኳኑ አልፈው ውጭ ቆሙ። ሊቀ መንበሩ ከጥበቃው ጋር መግቢያው ላይ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። እኔ ቴፑን በርጩማ ላይ አድርጌ ከፈትኩት፤ መርዕድና ተክሌ ማስታወሻቸውን ይዘው ከኋላዬ ናቸው።

እትዬ አፀደ ወገቧን አስራ መሐል ቆመች። ድምፅዋ ያን ያህል ከፍ ያለ አይደለም፤ ግን ድንኳኑ ሁሉ ጸጥ አለ።

ደብተር ይዞ ወጥቶ መንገድ ላይ አደረ፣
የእናቱ ወገብ ታስሮ እንዳለ ቀረ።

ሴቶቹ «ወይ ደረጀ!» ብለው ተቀበሏት። መርዕድ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «መንገድ ላይ አደረ? በሕመም ነው እኮ የሞተው!»

ዝም በል አልኩት። አንዲት ወፍራም ሴት ተነሥታ «ደረጀ ባለ መነጽሩ! መብራት ሲጠፋ በኩራዝ ያነበብከው!» ብላ ደረቷን መታች። መርዕድ «መነጽር አላልንም» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ «ደረጀ፣ ኳስህን ለማን ትተህ?» አለች። ሌላዋ «ደረጀ ዲያቆኑ» አለችው። ደረጀ አንዴ ረጅም ሆነ፣ አንዴ ድንክ፤ አንዴ ሳቂታ፣ አንዴ ኩርፍተኛ። ጥርሷ ያለቀ አንዲት ባልቴት በሁለት ሰው ተደግፋ መጣችና «ሁለቱ ደረጀዎቼ! ሁለታችሁንም በአንድ ቀን!» ስትል ተክሌ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሚዛን የሚባለውን ነገር ከዚያ በኋላ አላነሣም።

እኔ ጓዳ ውስጥ የተመከረው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሊቀ መንበሩም ገብቶታል። ጆሮውን አቁሞ ሌላ ስም ይጠብቃል፤ ከደረጀ በቀር ግን የማንም ስም አልተጠራም። የፈቀደው እሱ ራሱ ነው። ጥበቃው ጠብመንጃውን ታቅፎ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ።

ወደ መጨረሻው እትዬ አፀደ እንደገና ተነሣች።

ደረጀ ደረጀ እናትህን ባላውቅ፣
ድንኳንህ ሰፊ ነው፣ የኔም ልጅ ይደበቅ።

ሊቀ መንበሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። «የማን ልጅ?» አለ። «ማን ነው የሚደበቀው?»

ለቅሶው ቀጥ አለ። የቴፑ መዘውር ሲዞር ይሰማኛል። እትዬ አፀደ ከነቁመቷ ዞራ አየችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ስሙ ምላሷ ላይ ደርሷል፤ እምላለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ቀን ነው፤ ድንኳኑም አለ፣ ሰዉም አለ። ከዚያ ዓይኗ በሴቶቹ ላይ ዞረ፤ በባለ መነጽሩ እናት ላይ፣ ገና አንገቷን ደፍታ በምታለቅሰዋ ባልቴት ላይ፣ ውጭ ቆመው ተራቸውን በሚጠብቁት ላይ። አንድ ቃል ብትናገር ድንኳኑ ይነሣባቸዋል።

ስሙን ዋጠችው። ሲወርድ ጉሮሮዋ ላይ አየሁት።

«የዘነበች ልጅ ነዋ፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለች። «በእናቱ አፍ እኮ ነው የማለቅሰው።»

ሊቀ መንበሩ ወደ ጥበቃው ዞረ። «ስም ጠርታለች?»

«ኧረ አልጠራችም» አለ ጥበቃው።

ተመልሶ ተቀመጠ። እትዬ አፀደ «ወይ ደረጀ!» አለች፤ ለቅሶው ካቆመበት ቀጠለ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ማንም አላቋረጠውም። ሲበተኑ ሴቶቹ እየተሰለፉ «እግዜር ያጥናሽ» አሏት። እሷም «እናንተንም» እያለች መለሰች።

ሐሙስ

ሦስታችን በዚያው ክፍል ቁጭ ብለን የጉለሌውን ካሴት ሰማን። ሲያልቅ መርዕድ «ከርእስ ወጥተዋል» አለ፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ድርሰት የሚያርም ይመስል ነበር። «ከዚህ ውስጥ ለንጽጽር የሚሆን የለም። ጉለሌ ከጥናቱ ይውጣ።»

«ይህ ሙሾ ካልሆነ ሙሾ የቱ ነው?» ብዬ ጮኽኩበት። «ሰሜንና ድሬ የተቀዳው ጨዋታ ነው! ጥናት ካላችሁ ይኸው!»

መርዕድ ማስታወሻውን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረኝ። «አንቺ ይህን ካሴት ይዘሽ በአዋሽ ልታልፊ ነው። ፈታሹ ከፍቶ ቢሰማውስ? ብናትመውስ? ሊቀ መንበሩ ትናንት የታለፈውን ዛሬ ቢያነበው የሚታሰረው ማን ነው? አንቺ ነሽ ወይስ አፀደ?»

እውነቱን ነው። ከሁሉ ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እጠላውና ይወጣልኝ ነበር።

መደምሰስ አለበት አለ። በደንባችን መሠረት ድምፅ ተሰጠ። መርዕድ እጁን አወጣ። ተክሌ ወደኔ ሳያይ ቀስ ብሎ አወጣ። ሁለት ዩኒቨርሲቲ ለአንድ። መርዕድ ካሴቱን አጠንጥኖ መቅጃውን ተጫነው። ስናወራ እንዳይገባ ሦስታችንም አፋችንን ዘግተን ተቀመጥን፤ ቴፑም በሴቶቹ ለቅሶ ላይ ዝምታችንን ቀዳበት። አንዱ ጎን ሲያልቅ ገልብጦ ሌላውን አደረገው።

ምሳ ፓስታ ጋበዙኝ። አልበላሁም።

ዓርብ

እትዬ አፀደ ለመንገድ ዳቦ ጋግራ፣ ቆሎ ቆልታ፣ የታጠበ ቀሚሴን አድርቃ ጠበቀችኝ። ጭቃውን ስለማላውቅበት ክንዴን ይዛ እስከ ዊንጌት ሸኘችኝ። መንገድ ላይ ስለ ካሴቱ ነገርኳት። መደበቅ አልቻልኩም።

«ሁሉንም አጠፉት?»

«ሁሉንም።»

«የሴቶቹንም?»

«የሁላችሁንም እትዬ።»

ጥቂት ሄደች። «እነሱስ ወጣላቸው» አለች። «ጠዋት ውኃ ስቀዳ የባለ መነጽሩን እናት አገኘኋት። ፊቷ ሌላ ሆኗል። እንቅልፍ ወስዶኝ አደረ አለችኝ።»

ታክሲ መቆሚያው ላይ ተማሪ ተጨናንቋል። ዕቃዬን ስታቀብለኝ ሌሊቱን ሳመላልሰው ያደርኩትን ጠየቅኳት። «አንቺንስ እትዬ? ትንሽ እንኳ አልቀለለሽም?»

የነጠላዬን ጫፍ አንሥታ ብርድ እንዳያገኘኝ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ።

«የሁሉም ልጅ ተለቀሰ» አለች። «ደረጀም ምስኪን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ተለቀሰ። ግርማ ብቻ ቀረ።»